ዓድዋ በጠረጴዛ ላይ

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር የዓድዋን ጦርነት ለጠረጴዛ ጌም ስናዘጋጅ ዋልን። ካርታው ተዘርግቶ የጣሊያን ጄኔራሎቹ የአልቤርቶኔ፣ የአሪሞንዲ፣ የዳቦርሚዳና የኤሌና ብርጌዶች ተደርድረዋል። ክርክሩ ወዲያው ተነሳ፤ ጣሊያንን የሚጫወተው ሰው ሜዳውን ሁሉ እያየ አልቤርቶኔን ለምን ለብቻው ወደፊት ይልካል? አይልክማ!

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን የሆነው እሱ ነው። የጣሊያን ጦር ዋና አዛዥ የባራቲየሪ ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለ ቦታው ነበር ያስቀመጠው። አልቤርቶኔ ትክክለኛውን ቦታ ፍለጋ በሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ገፍቶ ሄደ፣ ሲነጋ ከሌሎቹ ተነጥሎ ተገኘ። አንዱ ጓደኛችን "በዳይስ እንወስነው" አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። ለጣሊያኑ ተጫዋች ያንኑ የተሳሳተ ካርታ እንስጠው፣ እሱም አምኖት ይዝመት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የእኛ ወገን አሳሳል ነው። የጌሙ ረቂቅ አብዛኛውን ሠራዊት ጦርና ጋሻ ብቻ አስይዞታል። ምኒልክ እኮ ለዓመታት ጠመንጃ ሲገዙና ሲያከማቹ ኖረዋል! ዓድዋ ላይ ፈጥኖ ተኳሽ የሆችኪስ መድፍ ሳይቀር ነበራቸው። ይህን አውጥቶ "በብዛት አሸነፉ" ማለት የዚያን ሁሉ ዓመት ዝግጅት መካድ ነው። ይህ ክፍል ከሥሩ ይቀየራል፣ ተስማምተናል።

ስንቅም ይገባል፤ በሁለቱም ሰፈር እያለቀ ነበርና።

ዳቦርሚዳ የገባበትን የማርያም ሸዊቶን ሸለቆ በእግሩ ያየ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ዳገቱ ለፈረሰኛ ምን ያህል ይመቻል? ፎቶ ካላችሁም ላኩልኝ።