ገንዳው ትንሽ ከፍ ብሏል

የግቢ መዋኛ ገንዳ ሲሠራ ዋናው ክርክር ስለ ሰማያዊ ቀለም ነው። ፈዛዛ ይሁን፣ ደማቅ ይሁን፣ ወደ አረንጓዴ ይጠጋ። የማወራችሁም ገንዳ እንደዚያው ነበር። ስብሰባው አብዛኛውን ሰዓት የፈጀው የሴራሚክ ናሙና ሲገላበጥ ነው፤ ያውም የተመረጠው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ! እሱ ውሃ ይጠጣል፣ ለገንዳ የሚሆነው ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ ፖርሲሊን ነው ብዬ እንደምንም አስቀየርኩ።

ከባለቤቱ ጋር ችግር አልነበረኝም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይሰማሉ። ችግሩ የእህታቸው ልጅ ነው። ግንባታ ላይ ሠርቶ አያውቅም፣ ግን ብዙ ቪዲዮ አይቷል።

«ኢንጂነርዬ፣ ኮንክሪት ውስጥ ለምን እንገባለን? ፋይበርግላስ አልቆ ነው የሚመጣው። በክሬን ጉድጓዱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ አለቀ።»

ሐሳቡ በራሱ ሞኝነት አይደለም። ፋይበርግላስ ቶሎ ይገጠማል፣ ገጹም ለስላሳ ስለሆነ አልጌ ቶሎ አይዘውም። የኮንክሪት ገንዳ ልስን ግን ከ10 ከ15 ዓመት በኋላ መታደስ ይፈልጋል። ነገር ግን ለሙከራ የቆፈርነው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቆሞ ነበር። ገንዳው ባዶ ሲሆን የከርሰ ምድር ውሃ ከስር ይገፋዋል፣ ሊንሳፈፍ ይችላል አልኩት።

«መዋኛ ገንዳው ራሱ ይዋኛል ነው የምትለኝ?»

ሳቀ። ፎርማኑም አብሮ ሳቀ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ አሳየሁት። 4 በ8 ሜትር የሆነ፣ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 1 ሜትሩ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 32 ቶን ገደማ ነው። የፋይበርግላሱ ቅርፊት ቢበዛ አንድ ሁለት ቶን ቢመዝን ነው። ኮንክሪቱም ቢሆን ግድግዳውና ወለሉ 20 ሳንቲ ሆኖ ከነፌሮው እዚያው 32 ቶን አካባቢ ነው የሚያንዣብበው። ስለዚህ ኮንክሪት እንሥራ፣ ከስሩ ጠጠር ይነጠፍ፣ ወለሉ ላይም የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይግባ አልኩ። የውጭው ውሃ ሲበረታ ቫልቩ ይከፈትና ውሃውን ወደ ገንዳው ያስገባዋል፣ ግፊቱም ይተነፍሳል። አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት።

ባለቤቱ ኮንክሪት ይሁን አሉ። ልጁ ባዶ እጁን መውጣት አልፈለገም መሰለኝ፣ ወጪ ልቀንስ ብሎ የዕቃ ዝርዝሩን ተቀበለና ቫልቩን ሰረዘው። ጎኑ ላይ «ሆን ብሎ ገንዳ የሚበሳ ማን ነው?» ብሎ ጽፎበታል። ተቃውሞዬን ሳይት መዝገቡ ላይ አሰፈርኩ፣ አስፈረምኩ። ሥራው አለቀ፣ ተረከቡ።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ደወለ።

«ኢንጂነርዬ፣ ገንዳው... ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«በአንድ በኩል ብቻ ነው።»

«ውሃውን አፍስሳችሁት ነበር?»

«ሊታጠብ ነዋ!»

ለዚህች ቀን ያስቀመጥኳት መልስ ነበረችኝ። መኪና ስነዳ ሁሉ ስለማመዳት ነበር፤ ምን እንደምትል መገመት አያቅታችሁም። ልክ አፌን ስከፍት አጎትየው ስልኩን ተቀበሉት። «ልጄ፣ ገንዳው ዋኘ» አሉኝና ሳቃቸውን ለቀቁት። በቃ። የኔ ነበረች እኮ! ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? የተሰበረውን ቧንቧና የተነቃቀለውን የጠርዝ ንጣፍ ሳይ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቫልቩን ዝርዝር ላይ ለብቻው አልጽፈውም። «የወለል ማፍሰሻ ከነሙሉ ዕቃው» እላለሁ፣ እዚያ ውስጥ ተሸጉጦ ያልፋል። ደንበኛ የሚከፍልበትን ነገር ሁሉ በግልጽ ማወቅ አለበት የሚል መርህ አለኝ፣ አዲስ ለሚገቡ ልጆችም አስተምራለሁ። ቫልቩ ሲቀር።

የእህት ልጅ ደግሞ አሁን ለወዳጆቹ ገንዳ ያማክራል አሉ። መጀመሪያ የሚጠይቀው «የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አስገብታችኋል?» ብሎ ነው። 32 ቶኑንም ይጠቅሳል፣ የገንዳው መጠን ምንም ይሁን ምን።