አባትም የሚማርበት የወሊድ ዝግጅት

አገር ቤት ምጥ የሴቶች ጉዳይ ነው። እናት፣ አክስትና ጎረቤት «ማርያም ማርያም» እያሉ ወገብ ይይዛሉ፤ ባል ደጅ ሆኖ ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ ግን እናት ቪዛ ካላገኘች ወገብ የሚይዘው ባል ነው። ስለዚህ የወሊድ ዝግጅት ትምህርቱን «የእሷ ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለእሱም የሚሆን ብዙ ነገር አለው።

በ20ኛው ሳምንት አካባቢ ተመዝገቡ፤ ትምህርቱን ከ28ኛው እስከ 35ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጨርሱ። ቀደም ካለ ይረሳል፣ ከዘገየ ሕፃኑ ይቀድማል። አንዳንዱ በሳምንት አንድ ምሽት እየተባለ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንት ይሰጣል፤ ሌላው ቅዳሜ በአንድ ቀን ያልቃል። በየሳምንቱ የሚሰጠው ይሻላል፤ በመሃል ቤት ውስጥ ለመለማመድ ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን እሱ ማታ ማታ የሚሠራ ከሆነ ግማሹን ከመቅረት ቅዳሜውን ሙሉ መገኘት ይመረጣል። ክፍያውን ኢንሹራንሳችሁ ወይም ሜዲኬድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ይሸፍን እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ስትመዘገቡ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ በማኅደሯም ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የቋንቋ እርዳታ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይመጣል። ባል እንግሊዝኛ ቢችልም አስተርጓሚ አይሁን። ሐኪሙ ስለ ኦፕራሲዮን ሲያስረዳ፣ ሚስቱ እንዳትደነግጥ ብሎ «አይዞሽ፣ ቀላል ነው» ብሎ ያሳጥረዋል፤ የምትፈርመው ግን እሷ ናት። ደግሞም በዚያ ሰዓት እጁም ዓይኑም እሷ ዘንድ መሆን አለበት።

ከትምህርቱ ሁሉ ብዙ ስህተት የሚሠራበት የምጥ አቆጣጠር ነው። የሚለካው ቁርጠቱ ከጀመረበት ቀጣዩ እስከሚጀምርበት ነው። አንዱ 2፡00 ላይ ጀምሮ 2፡01 ላይ ቢለቅ፣ ቀጣዩም 2፡05 ላይ ቢነሳ፣ ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከለቀቀበት ጀምሮ የቆጠረ ሰው አራት ይላል። ለመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መመሪያ ይህ ነው፦ በየአምስት ደቂቃው የሚመጣ፣ አንድ ደቂቃ የሚቆይ፣ ለአንድ ሰዓት እንደዚያው የዘለቀ ሲሆን ደውሉ። ሐኪማችሁ ሌላ ቁጥር ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ። እዚህ ላይ የእኛ የሰዓት ልማድ ያሳስታል። «ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ፈሰሰኝ» ያለች ሴት ምሽት ማለቷ ነው፤ ነርሷ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጋ ትረዳዋለች። የስድስት ሰዓት ስህተት ነው፤ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ሰዓቱ ይቆጠራል። ከስልካችሁ ላይ ያለውን ሰዓት እንዳለ ጻፉት።

ውሃው ሲፈስ አራት ነገር መዝግቡ፦ ሰዓቱን፣ ቀለሙን፣ ሽታውንና መጠኑን። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሰገራ አውጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ፣ ደም ከፈሰሰ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ምጡ ከ37ኛው ሳምንት በፊት ከመጣ፣ ደቂቃ መቁጠሩን ትታችሁ ወዲያውኑ ደውሉ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ምጡ ወገቧን ሲይዛት፣ ከመቀመጫዋ በላይ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ የመዳፍህን ተረከዝ (ከእጅ አንጓህ አጠገብ ያለውን ወፍራም ክፍል) አሳርፍና ቁርጠቱ ከጀመረበት እስኪለቃት ድረስ ወደ ውስጥ ግፋ። ወደ ላይ ወደ ታች አትሸው፤ ቆዳዋን ያቃጥላታል። በእጅ አንጓህ ብቻ ከገፋህ ቶሎ ትደክማለህ። ክርንህን ቀጥ አድርገህ የሰውነትህን ክብደት ጣልበት። «ዝቅ በል»፣ «ጠንከር አድርገው» የምትለው እሷ ናት፤ አንተ አትገምት። ትንፋሹ፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማውጣት። ጣቷንና ከንፈሯን ከደነዘዛት፣ ራሷንም ካዞራት፣ ከመጠን በላይ እየፈጠነች ነው። «ቀስ በይ» ከማለት ይልቅ አብረሃት ረጅም ትንፋሽ አውጣ፤ ትከተልሃለች።

ኤፒዱራል (በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጥ የምጥ ማደንዘዣ) የምትወስድም ይህን ትማር፤ ማደንዘዣ ባለሙያው እስኪደርስ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ወይም ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ያነሰ እናት ደግሞ ጭራሽ ላይፈቀድላት ይችላል። መርፌው ሲገባ ጀርባን አጉብጦ፣ ትከሻን ዝቅ አድርጎ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው። ሕመሙ እስኪቀንስ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ይሰቀላል፣ ግፊቷም በየጥቂት ደቂቃው ይለካል፤ ሽንትም ብዙ ጊዜ በቱቦ ይወጣል። ከመቶ ሴቶች አንዷን ያህል ኃይለኛ ራስ ምታት ይይዛታል፤ እሱም ሕክምና አለው። «ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል» የሚለው ወሬ ግን በጥናት አልተደገፈም።

ክፍል ውስጥ የማይነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ ግርዛት። የተገረዘች እናት፣ በተለይ የተሰፋች ከሆነ፣ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ ሴት አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላለች። የተሰፋውን ከወሊድ በፊት ወይም በምጥ ጊዜ መክፈት ይቻላል፤ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን ምርመራውም መውለዱም ይከብዳል።

ከወሊድ በኋላ ያለውን ክፍል የሐበሻ ቤት በቀላሉ ይይዘዋል፤ ገንፎውና አጥሚቱ ለአራሷ ጥሩ ነው። ለሕፃኑ ግን ቅቤ ማስዋጥም ውሃ ማጠጣትም የለም። ቢጫው እንገር አይጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግቡ እሱ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ።

ሆስፒታል ሳላችሁ የልደት ወረቀት ቅጽ ይመጣል፤ ስሙን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ቅጹ የራስ፣ የመካከልና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። አባት ዳዊት ከበደ፣ ልጁ ናሆም ቢሆን፣ መካከል ላይ «ዳዊት»፣ መጨረሻ ላይ «ከበደ» ብትጽፉ የአገራችን አጠራር ሳይፈርስ የልጁና የአባቱ የመጨረሻ ስም አንድ ይሆናል፤ ትምህርት ቤትም ኤርፖርትም ጥያቄ አይበዛባችሁም። ፊደላቱን ከአባትየው መታወቂያ ላይ አንድ በአንድ ገልብጡ። በሕግ ያልተጋባችሁ ከሆነ ደግሞ የአባትነት ማረጋገጫ የሚባለውን ቅጽ ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ፤ ያለዚያ የአባት ስም መስመር ባዶ ይቀራል።