በርበራ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ

የሶማሌላንዷን የወደብ ከተማ በርበራን መጀመሪያ ያየኋት በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነበር። ያን ጊዜ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን እንደ ተሻገርን የሚቀበለን አቧራማ ሜዳ ስለ ነበረ፣ ሹፌራችን የቀደመውን መኪና የጎማ ዱካ እየተከተለ ነበር የሚነዳው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ስመለስ ግን በአቡ ዳቢ የልማት ፈንድ ገንዘብ የተሠራው አስፋልት ከድንበሩ እስከ ባሕሩ ድረስ 250 ኪሎ ሜትር ያህል አድርሶኛል።

ከሐርጌሳ ደጋ ወርደው ወደ ጠረፉ ሲቃረቡ አየሩ ይከብዳል፤ ልብስም ገላ ላይ ይለጠፋል። ጥር ግን የበርበራ ደግ ወር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ቤቱን ቆልፎ ወደ ሼክ ተራሮች ወይም ወደ ሐርጌሳ ይወጣል።

አሁን ከሩቅ ቀድመው የሚታዩት ሦስቱ ግዙፍ ክሬኖች ናቸው። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ወደቡን ለማስፋፋት እስከ 442 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ከተዋዋለ በኋላ፣ 400 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንቴይነር ማራገፊያ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ተመርቋል። በፊተኛው ጉዞዬ እዚህ ያየኋቸው፣ የሩዝና የስኳር ጆንያ በትከሻቸው ተሸክመው ከእንጨት ጀልባ በጠባብ ሳንቃ ላይ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚያ ጫኝና አውራጆች አንዱን፣ ድሮ በተዋወቅንበት ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ሁሉም “አደር” ይላቸዋል፤ ሶማሌዎች አጎትንም ሌላ ታላቅ ሰውንም በአክብሮት የሚጠሩት እንዲህ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ከነቤተሰባቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ሐርቲሼክ የስደተኞች መጠለያ ቆይተዋል፤ ኋላም ድሬዳዋ ስለ ሠሩ አማርኛቸው የጠራ ነው። የሸሚዛቸውን አንገትጌ ገለጥ አድርገው ትከሻቸውን አሳዩኝ፤ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደድሯል። “ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ደግ ሆነ፤ አርጅቻለሁ። ልጆቼ ግን ጉልበት እንጂ ክሬን መንዳት አላስተማርኳቸውም” አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ስላጣሁ ሻያቸውን አስሞላሁላቸው።

የከብቱ ንግድ ግን ብዙም አልተለወጠም። ለሐጅ ወቅት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጫኑት ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ የሆኑት በጎች የባለቤታቸውን ቀለም ጀርባቸው ላይ ተቀብተው ዛሬም በእግራቸው ወደ መርከቡ ይገባሉ።

ልቤን የሰበረው ዳሮሌ ነው። ይህ አሮጌ ሰፈር በቱርኮችና በግብፆች ዘመን ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ቤቶች ያሉበት ነው። በ2006 ፎቶ ያነሣሁትን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ፈልጌ ሄድኩ። የተቀረጸው የእንጨት በሩ የለም፤ ፎቁ ወርዶ መሬት ላይ ተቆልሏል፤ በቀረው ግድግዳ ጥላ ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ግድግዳውን በመዳፌ ስነካው ጨው የበላው ኖራ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከውስጡም ጥፍር የምታህል ቀንድ አውጣ የመሰለች ዛጎል ወጣች። ለወደቡ ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ለእነዚህ ግድግዳዎች ቢደርስ ብዙ ቤት ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በርበራ ወደብ ከመሆኗ በፊትም ሆነ በኋላ የሰው ከተማ ናትና።

እንደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ቁጭት ይዤ ነው የዞርኩት። በ2010 ዓ.ም. አገራችን በዚህ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተነግሮ ነበር፤ የሚጠበቅባትን ስላላሟላች ድርሻውን እንዳጣች የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት በ2014 ዓ.ም. አስታውቀዋል። አንድ ሙሉ ከሰዓት በወደቡ በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ከሚወጡት የጭነት መኪኖች መካከል የእኛን ታርጋ ስፈልግ ሁለት ብቻ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ከክሬኖቹ ራቅ ብላ አንዲት የእንጨት ጀልባ ቆማለች። የአደር ሁለት ልጆች ትከሻቸው ላይ ጨርቅ አጥፈው ጆንያ እያወረዱ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ በርሜል ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጆንያ በጣታቸው ይቆጥራሉ። እጄን አውለበለብኩላቸው፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ።