ሙሉውን ፊልም ፍለጋ ቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሳሎናቸውን አንድ ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ በፊልም የሞሉ ሰው እንዳሉ የነገረኝ አቃቂ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ በሰማንያዎቹ ደግሞ አቃቂ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። እሳቸው ግን ያኔ በካሴት ሲያሳዩዋቸው የነበሩት የካራቴ፣ የካውቦይና የሆረር ፊልሞች መጀመሪያ ከተቀረጹበት ከዋናው ኔጋቲቭ ታድሰው በብሉሬይ፣ ማለትም ጥራቱ ከዲቪዲ በሚበልጥ ዲስክ፣ ሲወጡ እየተከታተሉ ያስመጣሉ። እኔም የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው በከተማዬ ጫፍ እንዳለ ሰምቼ መቀመጥ አልቻልኩም።

ከስታዲየም እስከ ቃሊቲ በባቡር ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው የጭነት መኪና መንገድ ነው። ሚኒባሳችን በሲኖትራክና በነዳጅ ቦቴ መሃል እየተሽሎከለከ፣ ረዳቱም «ቱሉ ዲምቱ! ኮዬ!» እያለ አቃቂን ዳር እስከ ዳር አቋረጥን። የአዳማ ፈጣን መንገድ ወደሚጀምርበት አካባቢ ሲደረስ ከተማው ይገለጣል። በስተምሥራቅ የረር ተራራ ይታያል፤ ከሱ ወዲህ ሕንጻ በሕንጻ ላይ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግን ይህ ሁሉ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር።

ወደ ብሎኩ ከመግባቴ በፊት ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱ ላይ «ፊልም በፍላሽ እንጭናለን» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ጎራ አልኩ። ልጁን የድሮ የሆንግ ኮንግ ፊልም እንዳለው ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩ ላይ «ቻይና ካራቴ» የሚል ፎልደር ከፈተልኝ። ውስጡ ያሉት ፊልሞች ስም የላቸውም፤ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ እስከ 80 ምናምን ይሄዳል። ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ሙሉ ነው ወይስ የተቆረጠ፣ ከየት ተገለበጠ፣ ምንም የለም። ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱም ያገኘው እንደዚያው ነው። ለኛ የደረሰው የካራቴ ፊልም ሁሉ ገና ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ ስሙን አጥቶ የመጣ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። «ግባ የኔ ልጅ፣ ጫማህን አታውልቅ፤ እሱ ከማሽኖቹ ጋር ነው» አሉኝ። ጋሼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክከው ገመድ እያስተካከሉ ነበር። ተነሥተው ጨበጡኝና «ቁጭ በል። ወሬው ኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይህ» አሉ።

ዴኩንም የብሉሬይ ማጫወቻውንም ከአንድ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተዋቸዋል። መጀመሪያ ያስገቡት ካሴቱን ነው፤ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ኪንግ ቦክሰር» ተብሎ ተጽፎበታል። ፊልሙን ሾው ብራዘርስ የተባለው የፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሠራው፤ ዳይሬክተሩ ኮሪያዊው ቾንግ ቻንግ ህዋ ነው። በዓመቱ አሜሪካ ገብቶ የኩንግ ፉ ፊልም እዚያ በር እንዲከፈትለት ካደረጉት አንዱ ሆነ። ጋሼ ወደፊት አጠንጥነው አንድ የግብግብ ቦታ ላይ አቆሙት። የሁለት ሰዎች ድብድብ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ክንዱን ይሰነዝራል፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ወዲያ የማይታይ ሰው ያቃስታል፣ ከዚያ አንድ እግር ከጎን ብቅ ብሎ ይጠፋል። ምስሉ ጭጋጋም ነው፤ የሁሉም ፊት ወደ ሮዝ ሄዷል። አክተሩ የብረት መዳፉን ጥበብ ሲጠራ እጆቹ ቀልተው መብረቅ አለባቸው፤ እዚህ ላይ ግን እጁን ከፊቱ የሚለየው ነገር የለም።

ቀጥለው ዲስኩን አስገቡ፤ ያንኑ ቦታ አወጡ። ተፋላሚዎቹ ሁለት ሆኑ። በመሃላቸው ያለው ርቀት፣ አንዱ ሲያፈገፍግ ሌላው የሚሞላው ቦታ፣ ከኋላቸው ያለው የእንጨት መስኮት፣ ሁሉም አለ። አክተሩ ሎ ሊየ እጁን ሲያነሣ ስክሪኑ ቀይ ብርሃን ለበሰ፤ ያ የታወቀ የሳይረን ድምፅ ጮኸ። ፀጉሬ ቆመ። ጋሼ ፊልሙን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። «አየህ? እኔ ለዓመታት ግማሹን እያሳየሁ ነው ገንዘብ ስቀበል የኖርኩት» አሉኝ።

ነገሩ ሂሳብ ነው። ሾው ብራዘርስ እነዚህን ፊልሞች የሚቀርጹት በሰፊ ስክሪን፣ ወርዱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ በሆነ ፍሬም ነበር። የድሮው ቴሌቪዥን ግን 1.33 ነው። ፊልሙ ካሴት ላይ ሲገለበጥ ስክሪኑን እንዲሞላ ተብሎ ግራና ቀኙ ይቆረጣል፤ የሚቀረውም ከምስሉ 57 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ለድራማ ፊት ለፊት የሚያወራውን ሰው ማሳየት ይበቃ ይሆናል። በካራቴ ፊልም ግን በሁለቱ ሰዎች መሃል ያለው ክፍተት ራሱ ፊልሙ ነው። እሱን የቆረጠ ሰው ኮሪዮግራፊውን በሙሉ ነው የጣለው።

በዚያ ላይ የፍጥነት ጉዳይ አለ። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ የኛ የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል፣ የሚሄደው በ25 ነው። ስለዚህ ወደ ፓል ካሴት የተገለበጠ ፊልም 4 በመቶ ይፈጥናል። የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ብሉሬይ 24ቱን እንዳለ መያዝ ይችላል።

ለምንድን ነው ታዲያ ደህናው ቅጂ ይህን ያህል የዘገየው? ሾው ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን ሲያዞር ፊልሞቹን ግምጃ ቤት ቆለፈባቸው። በዓለም ዙሪያ ሲዞር የኖረው ከሲኒማ ቤት ኮፒ እየተገለበጠ፣ ከካሴት ወደ ካሴት እየተባዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሰለስቲያል ፒክቸርስ የተባለ ኩባንያ ከ760 በላይ የሚሆኑትን ፊልሞች መብት ገዝቶ ማደስ ጀመረ። በ2021 ደግሞ የእንግሊዙ አሮው ቪዲዮ 12 ፊልሞችን በአንድ ትልቅ ሳጥን፣ ከመጽሐፍና ከባለሙያዎች ማብራሪያ ጋር አወጣ። ጋሼ ያሳዩኝም የዚያን ሳጥን የመጀመሪያ ዲስክ ነው። ሳጥኑ የደረሳቸው ለንደን በሚኖር የወንድማቸው ልጅ ሻንጣ ነው።

ከእንግሊዝ የሚያስመጡበት ምክንያት ዘመድ ስላላቸው ብቻ አይደለም። ዲስክ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፈት በሚወስነው የብሉሬይ የዞን አከፋፈል አፍሪካና አውሮፓ አንድ ላይ ቢ ውስጥ ናቸው፤ አሜሪካ ኤ ናት። በዲቪዲ ደግሞ እኛ 5 ስንሆን አሜሪካ 1 ናት። ስለዚህ በዞን የተቆለፈ የአሜሪካ ብሉሬይ ተገዝቶ ቢመጣም እሳቸው ማጫወቻ ላይ አይከፈትም፤ የእንግሊዙ ይከፈታል። አዲሱ፣ ከብሉሬይም ጥራቱ የሚበልጠው የ4ኬ ዲስክ ይህ አጥር የለበትም፤ ማጫወቻው ግን ዋጋው አይቀመስም። ስለነዚህ ዲስኮች ዋጋ የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ በጥቂት ሺህ ቅጂ ብቻ ታትሞ፣ በወሩ አልቆ፣ ነጋዴ በሦስት እጥፍ የሚቸበችበው ሳጥን ልቤን አይነካውም። የሚነካኝ ውስጡ ያለው ሥራ ነው። ኔጋቲቩን ያፈላለገ፣ ጭረቱን ፍሬም በፍሬም ያጸዳ፣ የተቆረጠውን መልሶ የቀጠለ ሰው ሥራ።

ቡና ቀረበ። እትዬ ስኒውን እያቀበሉኝ «ያን የበረዶውን ካውቦይ አሳየው» አሉ። እሳቸውም ቁጭ ብለው ማየታቸው ደስ አለኝ።

የበረዶው ካውቦይ የሰርጂዮ ኮርቡቺ «ታላቁ ዝምታ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1968 የጣልያን ሥራ፣ ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ። አክተሩ ዣን ሉዊ ትራንቲኛን ድዳ ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ ባንዳው፣ ማለትም የአክተሩ ጠላት፣ ክላውስ ኪንስኪ ነው። ሁላችንም «አክተር አይሞትም» እየተባባልን አድገናል። በዚህ ፊልም አክተሩ ይሞታል። ያውም ያለ በቀል፣ በረዶ ላይ፣ ባንዳው እያየው። ይህ ያስደነገጣቸው አዘጋጆች ለአንዳንድ አገሮች የሚሆን ሌላ መጨረሻ እንዲቀረጽ አደረጉ፤ በዚያኛው አክተሩ ይተርፋል። የታደሰው ዲስክ ሁለቱንም ይዟል። ጋሼ ሁለቱን አከታትለው አሳዩኝ። የደስታው መጨረሻ የተቀረጸበት ጥድፊያ ከሩቅ ያስታውቃል። የሞቱን ግን እትዬ ለስንተኛ ጊዜ አይተውት እንኳ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ኮርቡቺ የፈለገው የትኛውን እንደነበር ማየት የሚቻለው ሁለቱም ጎን ለጎን ሲኖሩ ነው። ፍላሽ ላይ የሚጫነው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የለም።

በመሃል መብራት ሄደ። እሳቸው ለማሽኖቹና ለቴሌቪዥኑ ባትሪ አዘጋጅተዋል፤ ድንገት ሲጠፋ ግን ካሴት ዴክ ውስጥ እንዳይጣበቅ ስለሚሰጉ መጀመሪያ የሚያወጡት እሱን ነው። ዴክ ከተበላሸ የሚተካው የለም። የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። መብራቱ እስኪመጣ እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የጆርጅ ሮሜሮ የሙታን ፊልም፣ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን፣ አነሡልኝ። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የባለመብትነት ማስታወቂያው አብሮ ስለወጣ ፊልሙ ወዲያው የሁሉም ሆነ፤ ያገኘው ሁሉ ካገኘው ኮፒ እየገለበጠ ሸጠው። ከዋናው ኔጋቲቭ በ4ኬ ታድሶ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ከዚያ ጋሼ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን ሳቡ። የመጣሁበት ጉዳይ ይህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የአማርኛ ካሴቶች ናቸው፦ የመድረክ ቲያትር፣ በቪዲዮ የተሠሩ ድራማዎች፣ ጥቂት ሁለት ሁለት ሲዲ የሆኑ ቪሲዲዎች። አንዱ ካሴት ለብቻው በላስቲክ ተጠቅልሏል። የአቃቂ የካራቴ ክለብ ልጆች በሰማንያዎቹ መጨረሻ የሠርግ ካሜራ ተውሰው የቀረጹት ፊልም ነው። ዋናው ካሴት ላይ ኋላ ሠርግ ተቀርጾበታል። የቀረው እሳቸው ቪዲዮ ቤት ያሳዩት ይህ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። «የመጨረሻውን ድብድብ የቀረጹት እዚሁ ነው፤ ያኔ ጤፍ ነበር» ብለው በመስኮቱ ወደ ኮዬ አመለከቱኝ።

ካሴቱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። በትንሿ መስኮት በኩል የቴፑ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ አለ፤ እንደ ዱቄት የረጋ፣ ከአንድ ጎን የበዛ። ጋሼ ለዓመታት ዴክ ውስጥ ሳያስገቡት የኖሩት ለዚህ ነው። ሻጋታ የዴኩን ሄድ ይደፍናል፣ ቴፑን ይበጥሳል፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይሻገራል። እስከዚያው ካሴቶቹን እስከ ጫፍ አጠንጥነው፣ አቁመው፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጣሉ። ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ አላየሁም። የሠርግ ስቱዲዮ ያለው፣ ካሴት ከፍቶ የሚያጸዳና ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ጓደኛ አለኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው እንደምመጣ ነገርኳቸው።

እሳቸው ግን ማጽዳቱ ብቻ አልበቃቸውም። «ማብራሪያም ያስፈልገዋል» አሉ፤ ፊልሙ እየሄደ የሠሩት ሰዎች ከላይ የሚያወሩበትን ድምፅ ማለታቸው ነው። ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1984 «ኪንግ ኮንግ»ን በሌዘር ዲስክ ሲያወጣ ከጀመረው ወዲህ ጥሩ ዲስክ ያለሱ አይወጣም። የአቃቂ ልጆችስ ለምን ይቀርባቸዋል?

«ጋሼ፣ ልጆቹ አሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«አክተሩ ዱባይ ነው። ባንዳው እዚሁ ገላን ጋራዥ አለው።» ስልካቸውን አወጡና ድምፁን ከፍተው ደወሉለት። ከኋላው መዶሻ ይሰማል። ስለ ካሴቱ ሲነግሩት መዶሻው ቆመ።

«ጋሼ፣ ያ ፊልም አለ?»

«አለ። ቅዳሜ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ እንጂ! ግን ያቺን ከግንቡ ላይ የወደቅኩባትን ቦታ እንዳትቆርጧት፤ እውነቴን ነው የወደቅኩት፣ ክንዴ ተሰብሮ ነበር።»

«ምንም አንቆርጥም» አሉት ጋሼ።