እህቴ በላከችልኝ ስልክ ለኤግዚት ኤግዛም እንዴት እንደተዘጋጀሁ

አካውንቲንግ ነው የጨረስኩት። ኤግዚት ኤግዛም (የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና) ላይ ከ100 71 አመጣሁ፣ ማለፊያው 50 ስለሆነ ጉድ ሰራሁ ልል አይደለም፣ ግን ከፈተናው 4 ወር በፊት ዲፓርትመንት ውስጥ በተሰጠን ሞዴል ፈተና 38 ነበር ያገኘሁት። በመሀል ሌላ የተቀየረ ነገር የለም፣ ስልክ አያያዜ ነው የተቀየረው፣ እሱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ስልኩን ሁለተኛ ዓመት ስገባ የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሰራው። እኔ ከደሴ ወጣ ያለ ገጠር ነው የተማርኩት፣ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል የሚባል ነበር ግን እንደተቆለፈ ተመረቅን፣ ማውዝ እንኳን በእጄ የነካሁት ፍሬሽማን ሆኜ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ተማሪ ያበላሻል ሲሉ ዝም ብዬ አልሰማም። ኮስት አካውንቲንግ ላይ ኢኩቫለንት ዩኒት የሚባለው ነገር ክላስ ውስጥ ጭራሽ አልገባኝም ነበር፣ ስላይድ ይነበባል ይታለፋል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ልጅ በአማርኛ ሲያስረዳ 1,000 ዕቃ 40 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ቢቆም የወጣበት ድካም 400 ያለቀ ዕቃ እንደመስራት ነው፣ እንደሱ ቁጠሩት አለ፣ በቃ ገባኝ። ቪዲዮውን አቁሜ ደብተሬ ላይ ራሴ ሞከርኩት፣ ወጣልኝ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሳይገባኝ የከረመውን 12 ደቂቃ ጨረሰው።

ግን ያው ስልክ ነው 38 ላይ ያደረሰኝም። ከሞዴሉ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ በቀን ስንት ሰዓት እንደምጠቀም ሳይ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል፣ አብዛኛው ቲክቶክ። እህቴ በዛ ሰዓት ምን እየሰራች እንደምትሆን አሰብኩት፣ የዛን ቀን እራት ካፌ አልሄድኩም። ቴሌግራም ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። 43 ቻናል ውስጥ ነበርኩ፣ ኖት፣ ዎርክሺት፣ ያለፉ ጥያቄዎች ምናምን፣ አንድ ነገር ፖስት በተደረገ ቁጥር ዳውንሎድ አደርጋለሁ፣ ሳወርደው ያነበብኩት ነው የሚመስለኝ፣ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ ማለት ነው። አንድ ቀን ብቆጥረው ከ200 በላይ ፒዲኤፍ አለኝ፣ የከፈትኩት 9 ነው። ይሄ ከቲክቶኩ በላይ ጎድቶኛል ብዬ አስባለሁ ምክንያቱም ቲክቶክ ሳይ ቢያንስ እየተማርኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጨርሶ ያነቃኝ ግን የታክስ አሳይመንት ነው። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው የወር ግብሩ ስንት ነው የሚል ቀላል ጥያቄ ነበር። በግሩፕ አምስት ነን፣ አንዱ ኤአይ ጠየቀ፣ አንዱ ቴሌግራም ላይ የነበረ ዎርክሺት ከፈተ፣ ሁለቱም 2,045 አሉ፣ ሁለት ቦታ አንድ መልስ ከተገኘማ ልክ ነው ብለን አስገባን። አምስታችንም ዜሮ። 2,045 የድሮው ሰንጠረዥ መልስ ነው፣ ከግብር ነጻ የሆነው ደሞዝ 600 ብር ብቻ በነበረበት ጊዜ 10,000ው በ30 ፐርሰንት ተባዝቶ የሰንጠረዡ ተቀናሽ 955 ሲነሳለት የሚመጣው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ግን ነጻው 2,000 ብር ሆኗል፣ ከዛ በላይ ያለው 2,000 በ15 ፐርሰንት 300፣ ቀጥሎ 3,000ው በ20 600፣ የቀረው 3,000 በ25 750፣ ድምሩ 1,650። የ395 ብር ልዩነት ነው፣ ነገ ተቀጥሬ የሰው ደሞዝ ስሰራ ብሳሳት ከአንድ ሰራተኛ ኪስ በየወሩ የሚወጣ ብር ነው። ሁለቱም ከድሮ ነገር ቀድተው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ ምስክር ሁለት መሆኑ ምንም አልጠቀመንም።

ከዛ በኋላ እንዲህ አደረግኩ። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ላይብረሪ ስገባ ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለዶርሜ ልጅ እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ እጄ ሳላስበው ኪሴ ውስጥ ይገባ ነበር። በሀንድአውትና በደብተር ብቻ እሰራለሁ፣ ያልገባኝን ነገር በወረቀት እጽፋለሁ፣ አጻጻፉ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው፣ ዴፕሪሲዬሽን (የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ ሲቀንስ የሚሰላበት) አልገባኝም ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፣ ደብል ዲክላይኒንግ በሚባለው አሰራር ላይ መጀመሪያ ዓመት ሳልቬጅ ቫልዩ (ዕቃው አገልግሎቱን ሲጨርስ የሚቀረው ዋጋ) ለምን አይቀነስም ብዬ ነው የምጽፈው። እንደዛ አድርጌ ስጽፍ ግማሹ እዛው ወንበሬ ላይ እያለሁ ይፈታ ነበር። 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ስቀበል ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ እፈልጋለሁ፣ 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ረጅም ቪዲዮ ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አወርዳለሁ፣ የግቢው ዋይፋይ ሰው ሳይነሳ ነው የሚፈጥነው። መብራት ሲሄድም ደብተሩ አይጠፋም፣ ሻማ ይበቃዋል።

ኤአይም አልተውኩም። መጀመሪያ ራሴ እሰራለሁ ከዛ ስራዬን ሰጥቼው የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ እጠይቀዋለሁ፣ በዚህ በጣም ጠቅሞኛል፣ ሕግና የግብር ቁጥር ከሆነ ግን ከአዋጁ ጋር ሳላመሳክር አልቀበልም። ቲክቶክን አጠፋሁት፣ ሁለቴ መልሼ ጭኜዋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ነው የጸናው። ከቻናሎቹ 3 አስቀርቼ ወጣሁ። የባቹ ግሩፕ ግን አይወጣም ምክንያቱም የክላስ ለውጥ፣ የሚድ ቀን፣ ሁሉም እዛ ነው የሚነገረው፣ አንዳንዴ ማታ 5 ሰዓት ላይ ለነገ ጠዋት። ይሄ ያናድደኛል፣ ተማሪውን ስልክህን አስቀምጥ እያሉ ሳያይ ያደረ ኩዊዝ የሚያመልጠው ከሆነ ማንን ነው የምንወቅሰው? ቢያንስ ማታ የሚለጠፍ ነገር ለነገ ባይሆን ጥሩ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለገጠር ልጆች። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ላብ እየሄድኩ ስክሪን ላይ እያነበብኩ ወረቀት ላይ ማስላት ተለማመድኩ። ከኔ በጣም የሚበልጥ ልጅ ይሄን ንቆ ሄዶ ጥያቄ ከጥያቄ እየተመላለሰ ሰዓት አለቀበት፣ አሁንም ያሳዝነኛል።

ውጤት የወጣ ቀን እህቴን ኢሞ ላይ ደወልኩላት፣ ስራ ላይ ነበረች አላነሳችም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች፣ ስነግራት ለአሰሪዎቿ እንዳይሰማ አፏን ይዛ አለቀሰች። ከዛ ወንድምዓለም፣ ስልኩ ጠቀመህ ወይ አለችኝ። በጣም እንጂ እትዬ አልኳት። 6 ሰዓት ከ40ዋን አልነገርኳትም፣ ክረምት ለእረፍት ስትመጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የምነግራት።