ብርጭቆው የት ገባ? ከሦስት ወር የትሪለር ፊልሞች የተማርኩት

በድሮ የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚካሄዱ ሳይኮሎጂካል ትሪለሮችን እየመረጥኩ ማየት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እስካሁን ዘጠኝ ፊልም አይቻለሁ። አራቱን ደግሜያቸዋለሁ። ብዙ የተማርኩት ከደገምኳቸው ነው።

መጀመሪያ ላይ ዋናው ነገር መጨረሻውን ቀድሞ ማወቅ ይመስለኝ ነበር። የደብተሬ የመጀመሪያ ገጾች ግምት ብቻ ናቸው። «ሐኪሙ ነው»፣ «አይ፣ ነርሷ ናት»። ይህን ያስተወኝ «ሻተር አይላንድ» ነው። (ያላያችሁት ቀጣዮቹን ሁለት አንቀጾች ዝለሏቸው፤ ታሪኩን ያበላሹባችኋል።)

ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ፊልም ነው። መርማሪው ቴዲ አንዲት ታካሚ ሲያነጋግር ሴትየዋ ውሃ ትጠይቃለች። ባልደረባው ሊያመጣላት ሲሄድ የቴዲን ደብተር ቀምታ «ሩጥ» ብላ ትጽፍለታለች። ውሃው ሲመጣ ትጠጣለች። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው እዚህ ጋ ፖዝ አደረግኩት። እጇ ወደ አፏ ሲሄድ ብርጭቆ የለም! ጣቶቿ ባዶ አየር ጨብጠዋል። ወዲያው ደግሞ ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ እናያለን። እኔ እንደገባኝ የምናየው ቴዲ የሚያየውን ነው። ውሃ የሚያስታውሰውን ነገር አእምሮው ሊያይ አይፈልግም።

ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ሆስፒታሉ በር ላይ ሽጉጣችሁን አስረክቡ ሲባሉ ባልደረባው ከወገቡ መፍታት ያቅተዋል። መጀመሪያ ሳየው ልብ ሳልለው ነው ያለፈኝ። ሥራው መሣሪያ መታጠቅ የሆነ ሰው እንዴት ያቅተዋል? መልሱ ዓይናችን ፊት ነበር፤ ሰውየው እውነተኛ መርማሪ አይደለም። ታሪኩ በ1954 መሆኑም እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ቶራዚን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚያው ዓመት ነው። የአንጎል ቀዶ ጥገናው ሎቦቶሚ ደግሞ ገና አልቀረም፤ ጀማሪው ኤጋሽ ሞኒሽ በ1949 ኖቤል ተሸልሞበታል። ይህን ካወቅኩ በኋላ በፊልሙ ውስጥ በመድኃኒት ይሁን በቀዶ ጥገና የሚለው የሐኪሞቹ ክርክር ሌላ ሆነብኝ። የአንድ ሰው አንጎል ላይ ነው የሚከራከሩት።

ሕንፃ ማየት ያስተማረኝ ግን የ2001ዱ «ሴሽን 9» ነው። አምስት ሠራተኞች ከተዘጋ ሆስፒታል ውስጥ አስቤስቶስ የሚባለውን ለጤና ጎጂ የግንባታ ቁስ ያጸዳሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። የተቀረፀው በማሳቹሴትስ፣ በእውነተኛው የዳንቨርስ ሆስፒታል ነው። የተላጠው ቀለም እውነት ነው። ሆስፒታሉ በ1878 ተከፍቶ በ1992 ተዘጋ። ከፊልሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ መኖሪያ ቤት ተሠራበት። አሁን ያንን ኮሪደር የምናገኘው ፊልሙ ላይ ነው።

የሆስፒታሉን ፕላን ወረቀት ላይ ሳልኩት። ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ ይመስላል። መሃል አስተዳደሩ፣ ግራና ቀኝ ደረጃ በደረጃ ወደኋላ የሚያፈገፍጉ ክንፎች። አሠራሩን ያመጣው ቶማስ ኪርክብራይድ የሚባል ሐኪም ነው። እያንዳንዱ ክፍል ፀሐይና ንጹሕ አየር እንዲያገኝ አስቦ ነው። ሕመማቸው የከበደው ጫፍ ላይ፣ የተሻላቸው ወደ መሃል ይተኛሉ። ኪርክብራይድ ከ250 ሰው በላይ አይግባ ይል ነበር። ዳንቨርስ ግን በ1930ዎቹ ከ2,000 በላይ አጭቋል። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ለማዳን የተሠራ ቤት ነው ማስፈሪያ የሆነው።

«ሾክ ኮሪደር»ን (1963) በአጭሩ ልለፈው። ትወናው የተጋነነ ነው። ግን ኮሪደሩ ውስጥ ዝናብ የሚዘንብበት ትዕይንት ብቻውን ፊልሙን ለማየት በቂ ምክንያት ነው። ታሪኩ የግድያ ምስጢር ለማውጣት ሲል እብድ መስሎ ስለገባ ጋዜጠኛ ነው። በእውነተኛው ዓለም ጋዜጠኛዋ ኔሊ ብላይ በ1887 ኒውዮርክ ውስጥ እንዲሁ እብድ መስላ ሆስፒታል ገብታለች። አሥር ቀን ቆየች። ከገባች በኋላ እንደ ጤነኛ ብታወራም ብትሠራም ማንም ጤነኛ ናት አላላትም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ጨለማው አይደለም። አንዴ «ታማለች» ከተባለ የምትናገረው ሁሉ የሕመሟ ማስረጃ ይሆናል።

ስለዚህ አሁን ደብተሬ ላይ ግምት አልጽፍም፤ የምጽፈው ጥያቄ ነው። ታካሚዎቹ ስም አላቸው? አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ? ወይስ ከኋላ እየጮኹ ማስደንገጫ ብቻ ናቸው? በዚህ ምክንያት ሁለት ፊልም መሃል ላይ አቋርጬያለሁ። የታመመ ሰውን እንደ አውሬ እያሳዩ ማስፈራራት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወደውም።

ቀጣዩ የ1920ው ድምፅ አልባ ፊልም፣ «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ነው። ግድግዳዎቹ የተጣመሙ ናቸው፤ ጥላው ራሱ በቀለም የተሳለ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ነው የምቀመጠው። የዚያን ቤት ፕላን መሳል ይቻል እንደሆነ እሞክራለሁ።