የኃላፊዎች ኮቺንግ፦ የ6 ወሩ ገንዘብ የት ላይ ነው የሚባክነው?

ይህ ማስታወሻ በሰው ኃይል ሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦችና ኮቺንግን (ኮቹ በጥያቄ እየመራ ኃላፊው መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ የሚረዳበትን ውይይት) በመለማመድ ላይ ላላችሁ ነው። በዚህ ዙር አጥብቀን የያዝነው አንድ ነጥብ አለ። ለኃላፊ ኮች ተቀጥሮ ውጤት ሲጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኮቹ ችሎታ አይደለም። ከመጀመሪያው ውይይት በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ይዘለላል፤ በሁለት ውይይቶች መካከል ያለው ጊዜም ባለቤት አልባ ይሆናል።

በቅድሚያ ጉዳዩ የኮቺንግ መሆኑ ይጣራ። የፋይናንስ ሪፖርት ማንበብ ለተቸገረ ኃላፊ የሚያስፈልገው ሥልጠና ነው። አዲስ ዘርፍ ላይ ለተመደበ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ አንጋፋ ሰው ይመደብለት። ለማሰናበት ከተወሰነ በኋላ «ሞክረን ነበር» ለማለት ብቻ ኮች መቅጠር በሰውየውም በኮቹም ላይ በደል ነው። ከዚያ ወዲያ ኮች የተመደበለት ሁሉ «ሊያባርሩት ነው» እየተባለ ይወራበታል። ኮች ለደካማ ነው ለሚሉ አለቆች የምንጠቅስላቸው ቢል ካምቤልን ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ የአፕሉ መሪ የስቲቭ ጆብስም የጉግሉ መሪ የኤሪክ ሽሚትም ኮች ነበር። ሽሚት ኮች ያዝ ሲባል መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ከተሰጠው ምክር ሁሉ የላቀው ያ ምክር እንደሆነ በይፋ ተናግሯል።

ኮች ስትመርጡ የዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ደረጃዎች መነሻ ይሆኗችኋል። የመጀመሪያው ደረጃ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው 125 እና 500፣ ከፍተኛው 200 እና 2,500። ወረቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ከ2 ወይም 3 ኮቾች ጋር የ30 ደቂቃ መተዋወቂያ ይያዝ፤ መራጩም ኃላፊው ራሱ ይሁን። በመተዋወቂያው ላይ ከኃላፊው የበለጠ የሚያወራ ኮች ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ ኃላፊው፣ አለቃውና ኮቹ ለ45 ደቂቃ ተቀምጠው ስምምነቱን በጽሑፍ ያኖሩታል። አለቃው የሚያውቀው ግቡን፣ ቀጠሮዎቹ መካሄዳቸውንና የመለኪያውን ውጤት ነው። በኮቹና በኃላፊው ውይይት ላይ የተባለው ነገር አይደርሰውም። ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ አለቃው ኮቹን ኮሪደር ላይ ያገኘውና «እንዴት ነው ሰውዬው?» ይለዋል። ኮቹ ዝም ቢል እንኳ ዝምታው ይተረጎማል።

ከሥራ ባልደረቦች ግብረ መልስ መሰብሰቡ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ዋናው ፈተና ነው። መጠይቅ በትኖ «ከ1 እስከ 5 ስጡ» ማለት ሁሉንም 5 አድርጎ ይመልሰዋል። ይሉኝታ አለ፤ «ነገ በእኔ ይዞራል» የሚል ስጋትም አለ። የሚሻለው ኮቹ ራሱ በቃል መጠየቁ ነው፦ 1 አለቃ፣ 3 እኩዮች፣ 4 በቀጥታ በኃላፊው ሥር የሚሠሩ፣ ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ። አለቃው አንድ ብቻ ስለሆነ ቃሉ የእሱ መሆኑ እንደሚታወቅ አስቀድሞ ይነገረው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ኃላፊው ምን ቢቀጥሉ ይሻላል? ምን ቢቀንሱ? በሚመጡት 3 ወራት አንድ ነገር ቢጨምሩ የእርስዎን ሥራ የሚያቀልልዎት የቱ ነው? ሰው ልቡን የሚከፍተው በሦስተኛው ነው። ያለፈ ጥፋት መቁጠር ሐሜት ይመስላል፤ ለሚመጣው ሐሳብ ማዋጣት ግን እርዳታ ነው።

ሪፖርቱን ስትጽፉ የተናጋሪውን አነጋገር እንዳለ አታስገቡ። አንድ ሰው የሚያዘወትረው ተረትና ምሳሌ ሪፖርቱ ላይ ከወጣ ስሙን እንደመጻፍ ነው። ኃላፊው «ይሄማ እገሌ ነው» ይላል፤ የቀረው ውይይት ሁሉ ስለ እገሌ ይሆናል። ሐሳቡን ጠብቃችሁ በራሳችሁ ቃል አስቀምጡት፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ያላነሳውን ነጥብም ተዉት።

ከዚህ የሚወጣው ግብ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። «የመግባባት ችሎታን ማሻሻል» የሚል ግብ ሌላ ሰው አይቶ ሊመሰክርበት አይችልም። «በሰኞው ስብሰባ ሐሳቤን የምሰጠው ሌሎቹ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው» የሚለውን ግን ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያየዋል። ግቡ እዚህ ድረስ ካልወረደ የመጀመሪያውን ቀጠሮ አታስይዙ።

ቀጠሮው በየሁለት ሳምንቱ 60 ደቂቃ ቢሆን በ6 ወር 12 ያህል ይሆናል። አካሄዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተቀረጸውና በሰር ጆን ዊትሞር የታወቀው ግሮው (GROW) ነው፤ ስሙ ግብ፣ እውነታ፣ አማራጭና ቁርጥ ውሳኔ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች ነው። 5 ደቂቃ ያለፈውን ቃል መፈተሻ፣ 10 ለግቡ፣ 20 አሁን ስላለው እውነታ፣ 15 ለአማራጮች፣ 10 ለቁርጥ ውሳኔ። ለማጅ ኮች የሚሳሳተው እውነታው ላይ ነው፤ 20ው ደቂቃ 5 ሆኖ ያልቅና ወደ አማራጭ ይሮጣል። ችግሩ በቅጡ ስላልታየም አማራጩን ኮቹ ራሱ መስጠት ይጀምራል። እዚህ ላይ «ለምን እንዲህ አደረጉ?» የሚል ጥያቄ ኃላፊውን ወደ መከላከል ይገፋዋል። «ያኔ ምን ተመለከቱ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱ እስኪመጣ ዝም በሉ። በመጨረሻው 10 ደቂቃ «እሞክራለሁ» ተቀባይነት የለውም። ምን፣ መቼ፣ ማን ፊት ተብሎ ይጻፍ።

በቀጠሮዎቹ መካከል ደግሞ ኃላፊው ለእነዚያ 8 ሰዎች ምን ለመለወጥ እየሠራ እንደሆነ በአንደበቱ ይነግራቸዋል፤ በወር አንዴም 5 ደቂቃ ወስዶ «እንዴት አያችሁኝ?» ሳይሆን «ለሚቀጥለው ወር ምን ትመክሩኛላችሁ?» ይላቸዋል። ማርሻል ጎልድስሚዝና ሃዋርድ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2004 በ8 ትላልቅ ኩባንያዎች ላይ ያወጡት ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ባልደረቦቻቸው «ተሻሽለዋል» ያሏቸው መሪዎች ባለማቋረጥ ተመልሰው የጠየቁት ናቸው። ከመላው ሥራ ርካሹ ይህ ክፍል ነው፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ለመለኪያው በ3ኛውና በ6ኛው ወር ያንኑ 8 ሰው ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ግብ ላይ ለውጥ አያችሁ? በአጠቃላይ አመራሩስ? ልኩ ከ−3 እስከ +3 ነው፤ 0 ማለት ለውጥ የለም። በ3ኛው ወር ብዙው 0 ከሆነ ኮቹን ከመቀየራችሁ በፊት ኃላፊው ግቡን ለባልደረቦቹ መናገሩን አጣሩ፤ ያልተነገረውን ለውጥ ሰው ልብ አይለውም። በጀት ስትይዙ የኮቹን ክፍያ ብቻ አትቁጠሩ፤ የኃላፊው 12 ሰዓት፣ የባልደረቦቹ የቃለ መጠይቅ 4 ሰዓትና የአለቃው ጊዜም ይደመር።

በሚቀጥለው ዙር የምንለማመደው እውነታውን የሚመለከተውን የ20 ደቂቃ ክፍል ብቻ ነው፤ በሦስት በሦስት ሆነን፣ አንዱ ኮች፣ አንዱ ኃላፊ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኮቹ ምክር በሰጠ ቁጥር ምልክት የሚያደርግ ታዛቢ ሆኖ።